በነሐሴ የሻገተው ሌንስ

ኢፍቱና ሚልኬሳ የተዋወቁት በጥል ነበር።

ጊዜው ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያስወጣው ዳገት፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል፣ አንድ የኮከብ ተመልካቾች ማኅበር የተከራየው አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበር። ኢፍቱ ፊዚክስ ተምራ የዚያ ቤት ዕቃ ክፍል ኃላፊ ሆና ተቀጥራለች። አንድ ቀን ጠዋት ስትገባ አንድ የማታውቀው ወጣት የቴሌስኮፕ መመልከቻ አንስቶ እፍ እያለበት በሻርፑ ጫፍ ይጠርገዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አቧራ ይዞት ነበር... እያጸዳሁልሽ ነው።»

«በትንፋሽህ? አስቀምጠው። ቀስ ብለህ አስቀምጠው።»

እንደ ተቀጣ ተማሪ አስቀመጠና ወጣ። ለጎብኚዎች ሰማይ እንዲያሳይ አዲስ የተቀጠረው ሚልኬሳ እሱ መሆኑን የሰማችው በኋላ ነው። በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ፤ ትንፋሽ ለምን ያን ያህል እንዳስቆጣትም ጠየቃት። አንድ ሰው ስለ ሥራዋ ከልቡ ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ስለነበር፣ ኩርፊያዋን ረስታ አስገብታ አሳየችው።

የነዚህ ዕቃዎች ጠላት ሌባ ሳይሆን እርጥበት ነው አለችው። በክረምት የእንጦጦ ጉም በመስኮት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። የሌንሱ መስተዋት ላይ አርፎ ከቆየ ሻጋታ ያበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ ሆኖ ይዘረጋል፤ መስተዋቱን አንዴ ከበላው ቢጠርጉት አይመለስም። ለዚህ ነው ቁም ሳጥኑ ውስጥ አምፖል በርቶ የሚያድረው። ጫማ ካርቶን ውስጥ እንደሚገኙት ያሉ እርጥበት መጣጭ ፍሬዎችም በየጥጉ አስቀምጣለች፤ ሰማያዊ የነበሩት ውሃ ሲጠግቡ ወደ ሮዝ ይቀየራሉ፤ ያኔ በመጥበሻ አድርቃ ትመልሳቸዋለች። ከሁሉ በላይ ግን፣ የረጠበ ቴሌስኮፕ አየር ሳያገኝና ሳይደርቅ ክዳኑ አይገጠምም።

«እንደ ሕፃን ነው የምትንከባከቢያቸው» አላት።

«ሕፃን ሲያመው ያለቅሳል። እነዚህ ድምፅ የላቸውም።»

ከዚያ ወዲህ ሚልኬሳ ዕቃ ክፍሉን ማዘውተር ጀመረ። መጀመሪያ ሰበብ ይፈልግ ነበር፤ ኋላ ሰበቡንም ተወው። ማታ በሩን ቆልፋ እስክትወጣ ይጠብቃትና ቁልቁለቱን አብረው ይወርዳሉ። ኪሱ ቆሎ አያጣም፤ እሷ ደግሞ እጁን ካልታጠበ ምንም አታስነካውም። እሁድ እሁድ ወደ ራጉኤል ወጥተው ከተማዋን ቁልቁል ያያሉ። እወድሻለሁ ያላትም እዚያው ነው፤ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ፣ ለሌላ ሰው የሚናገር ይመስል። ኢፍቱ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

አንድ ፍርሃት ግን ነበራት። አባቷ አቶ ዱጋሳ ካራ ላይ ያርሱት የነበረው መሬት ለቤት ግንባታ ተሸንሽኖ፣ እሳቸው በገዛ ማሳቸው ላይ የበቀለ ሕንፃ ዘበኛ ሆነዋል። መሬቱን ሊለኩ የመጡት ሰዎች ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክለው ነበርና፣ ባለ ሦስት እግር ዕቃ የያዘ ሰው ከዚያ ወዲህ ደጃቸው እንዲደርስ አይወዱም። የልጃቸውንም ሥራ አልወደዱላትም። ሚልኬሳ አባትሽን ልተዋወቅ ባለ ቁጥር ምክንያቱን እየነገረች ቆይ ትለዋለች።

በነሐሴ አዳማ የምትኖረው እህቷ ወለደችና ኢፍቱ ልታርሳት ሄደች። በማኅበሩ ደንብ ቁልፉ ለሊቀ መንበሩ ለአቶ ኃይለ መስቀል መሰጠት ነበረበት። እሳቸው ግን ሰነፍ ባይሆኑም ፍሬዎቹን ማድረቅ ይረሳሉ ብላ ፈራች። ቁልፉን በድብቅ ለሚልኬሳ ሰጠችው።

«አደራ» አለችው።

«ካንቺ በላይ እጠብቃቸዋለሁ።»

ለዘመን መለወጫ ስትመለስ አምፖሉ በርቷል፤ ፍሬዎቹም ሰማያዊ ናቸው። ደስ አላት። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ለጎብኚዎች ዋናውን ቴሌስኮፕ አወጡ። ማኅበሩ በልመና ያገኘው፣ የሚመካበት ዕቃ ነው። ክዳኑን ከፈተች። ሌንሱ ላይ ነጭ ድር ተዘርግቷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ስብሰባ ተጠራ። አቶ ኃይለ መስቀል ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ኢፍቱ፣ ቁልፉ ባንቺ እጅ ነው። አዳማ ስትሄጂም ለኔ አልሰጠሽኝም። ካንቺ ሌላ የነካው ሰው አለ?»

ሚልኬሳን አየችው። ለሥልጠና ደቡብ አፍሪካ ሊላክ ተመርጧል፤ የቀረው ጉዞው ብቻ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር እንዲል ጠበቀችው። እሱ ጠረጴዛውን ያያል። ቀና እስኪል ጠበቀች... ቀና አላለም።

«ማንም የለም» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከሥራዋ ተሰናበተች። በዚያው ቀን ቁልቁለቱን ሲወርዱ እጇን ያዛት። ነሐሴ ሙሉ መብራት ሲጠፋ እንደከረመ፣ አምፖሉ ቢጠፋ እሷ ምን ልታደርግ ትችል እንደነበር እያነሳ አጽናናት። ኢፍቱ አመነችው። ዝም ማለቱንም ራሷ ይቅር አለችለት፤ እኔም እንዲናገር አልፈለግኩም ብላ ራሷን አሳመነች።

መገናኛ አንድ መነጽር ቤት ሥራ አገኘች። ሚልኬሳ በየቀኑ ማለት ይቻላል እየመጣ ይሸኛታል። ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ እንደሚልክ ሲነግራት፣ የሆነው ሁሉ ለበጎ ነው እስከ ማለት ደረሰች።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ባሉበት ሰሞን ነገሩን ለአባቷ በፍርሃት አነሳችላቸው። አቶ ዱጋሳ ግን ፈገግ አሉ። ቁም ነገር ሲሆን ወደ ኦሮምኛ ነው የሚዞሩት፤ በኦሮምኛ አጫወቷት። አዳማ ሳለች ልጁ መጥቶ ነበር። ለሷም ሳይናገር ሊያስደስታት አስቦ ነው፤ ራሴ እነግራታለሁ ስላላቸውም እሳቸው ሳያነሱባት ከርመዋል። ባለ ሦስት እግር ዕቃ ተሸክሞ ሲያዩት ሊያባርሩት ዱላ አንስተው ነበር። እሱ ግን «አባባ፣ ልለካ አልመጣሁም፤ ላሳይዎት ነው» አላቸው። ያን ምሽት ደመናው ለጥቂት ተገልጦ ጨረቃን አሳያቸው። በሷ ብርሃን ስንት ዓመት ሰብል ጠብቀው፣ ፊቷን ያዩት ገና ያኔ ነው። ከዚያ ዝናቡ ድንገት ወረደና ዕቃው በሰበሰ። ልጁ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰው፤ እሱ በዝናቡ እየተደበደበ ወደ ታክሲ ሮጠ።

«በዚያ ዝናብ ለዕቃው ሲሳሳ አየሁት» አሉ። «ለልጄም ይሳሳል አልኩ።»

ኢፍቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ክዳኑን ገጥሞት ነበር?»

«ግጥም አድርጎ ነዋ። ውሃ እንዳይገባው።»

በማግስቱ ሚልኬሳን መገናኛ አገኘችው። አባቴ ስለ ጨረቃዋ ነገረኝ ስትለው ፊቱ ተለወጠ። አልካደም። እንደ ረጠበ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሶት ነበር፤ ውጭውን ወልውሎ፣ ክዳኑን መክፈት ረስቶ።

«ላንቺ ብዬ ነው የወሰድኩት» አላት።

«አውቃለሁ። እሱን ይቅር ብዬሃለሁ። ማንም ይሳሳታል።»

«ስብሰባው ላይ ልናገር ነበር... ሥልጠናው...»

«ስብሰባው ላይ ሰው ነበር፤ ፈራህ እንበል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ሚልኬሳ። መብራት ነው ያልከኝ ያኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ ነግራው ወደ ካራ ታክሲ ገባች፤ ኮተቤ እስክትደርስ አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት ሚልኬሳ አቶ ኃይለ መስቀል ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ተናገረ። ሥልጠናው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሊቀ መንበሩ ኢፍቱን አስጠርተው ይቅርታ ጠየቋትና ወደ ሥራዋ መለሷት። ሚልኬሳ ሥራውን ለቆ የግል ዕቃውን ሊሰበስብ በመጣ ቀን፣ ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ተናገርኩ እኮ፣ ኢፍቱ። ምንም አላስቀረሁም።»

«ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥህ።»

«ታዲያ... ጠላሽኝ?»

«ብጠላህ ይቀለኝ ነበር። ያን ቀን ስታጽናናኝ አምኜህ ነበር። ከእንግዲህ ስታጽናናኝ አላምንህም። በዚህ እንዴት ቤት ይሠራል?»

እጇን ጨብጦ ቁልቁለቱን ወረደ። ጅማ ሄዶ መምህር ሆነ። ዓመት ቆይቶ ማግባቱን ከሰው ሰማች። ያን ቀን ሥራዋን አልተወችም፤ ፍሬዎቹን መጥበሻ ላይ እያገላበጠች ሳለ ግን እንባዋ ስለወረደ፣ እርጥበቱ እንዳይነካቸው ፊቷን ዞር አደረገች።

አቶ ዱጋሳ በልጃቸው አዘኑ። ተማርኩ ብላ ደህናውን ልጅ የናቀች መሰላቸው፤ ለወራትም በወጉ አላናገሯት። ሰማይ በጠራ ምሽት ደጅ ወጥተው ሲቀመጡ፣ አንዳንዴ ከጎናቸው ትቀመጣለች።

«ያ ልጅ ግን ምን በድሎሽ ነው?» አሏት አንድ ቀን።

እውነቱን ብትነግራቸው ያቺን የጨረቃ ምሽት ከልባቸው መንጠቅ ይሆንባታል።

«ምንም፣ አባዬ» አለች። «አልተስማማንም።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላም አልጠየቋት።