ተከፍቶ የተገኘው መቀባበያ

ሃምሳ አለቃ ተክለማርያም ጨርቁን ዘይት አስነክተው ጨመቁና እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሰደዱ። ምልምል ያሠለጠኑበትን፣ መቀባበያው እንደ እውነተኛው የሚሳብ የእንጨት ጠመንጃቸውን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መወልወል ልማዳቸው ነው። ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ ወዲህ የሚያዩት በጣታቸው ነው።

ሳጥኑ ባዶ ነበር።

ጠመንጃው አልጋው ላይ ተገኘ። ከሥሩ ይቀመጥ የነበረው የተኩስ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ግን የለም። ጂጂጋ ምልምሎችን ሲያስተምሩ፣ ማንበብ ለማይችሉት ብለው በባዶ ገጾቹ ላይ በእርሳስ የሳሉበት መጽሐፍ ነው።

"ሪድዋን ነው!" አለች ልጃቸው እናትአለም። "ግቢው ውስጥ ከሱ በቀር ማን ነበር?"

ሪድዋን የፊት ክፍላቸውን ተከራይቶ ሰልባጅ ልብስ የሚሸጥ ወጣት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ሚስቱ ኢስራ ሕፃኗን ታቅፋ የጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች።

ጉዳዩ የደረሳት ሳጅን ፊርደውስ በማግስቱ መጣች። አልጋው ላይ እንደተኛ ወደተተወው ጠመንጃ ጎንበስ አለች።

"ሃምሳ አለቃ፣ መቀባበያው ወደ ኋላ ተስቧል። እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ዘግቼ ነው የማስቀምጠው።" በጣታቸው ዳሰሱት። "አፈሙዙስ ወዴት ዞሯል?"

"ወደ ግድግዳው።"

ሽማግሌው ጣታቸውን ከመቀባበያው ሳያነሱ ቀጠሉ።

"እንዲህ ነበር የማስተምረው፣ ልጄ። መሣሪያ ስትቀበል መጀመሪያ ክፈት፤ ባዶ መሆኑን እይ፤ አፈሙዙን ከሰው አዙር። እንጨትም ቢሆን። የረሳ ለቅጣት ሜዳዋን ይሮጣታል።"

ፊርደውስ ሪድዋንን ከጣቢያ አስመጣች። መጽሐፉን ሽጡልኝ እያለ ከአዲስ አበባ ሲመላለስ የከረመውን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ ቀናውንም ጠራች። የጎረቤት ግቢ ዘበኛ፣ ሰፈሩ በሶማልኛ አዴር፣ አጎቴ፣ የሚለው ማሃድ ደግሞ እሁድ ማን እንደገባ ሊመሰክር መጣ።

"አዴር ማሃድ፣ ወታደር ነበሩ?"

"እኔ? ግመል ጠባቂ ነበርኩ። መሣሪያዬ ይቺ ዱላ ናት።"

"አቶ ቀናው፣ እስቲ ይቺን ያዙልኝ።"

ቀናው ጠመንጃውን በአፈሙዙ አንጠልጥሎ፣ "ይቺስ አትሸጥም?" አለ።

ሪድዋን ሲቀበል ቀጥታ ወደ ፊርደውስ ደገነ።

"ወደ ፖሊስ?"

"እንጨት ነው እኮ፣ ሳጅን! ይሄም ያሳስራል?"

ማሃድ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። በሁለት እጁ ተቀበለ። አፈሙዙን ከሰው አዞረ፤ መቀባበያውን ሳበ፤ ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ።

ፊርደውስ ቀና ብላ አየችው። ማሃድም የገዛ እጁን አየ።

ሃምሳ አለቃ የመቀባበያውን ድምፅ ሰምተዋል። "የኔ ሰልጣኝ" አሉ። "ማነህ?"

"የጉሃድ ወንድም ነኝ፣ ሃምሳ አለቃ፤ አብረን ነው ያሠለጠኑን።" ተቀመጠ። "መጽሐፉ እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ ቀናው በስልክ 'መጽሐፉን ነገ ይዤው እመጣለሁ' ሲል ሰማሁ፤ ተሸጦ ሊሄድ መሰለኝ። ጉሃድ ከግንባር አልተመለሰም። ፎቶ የለውም። ተንበርክኮ ሲያነጣጥር እርስዎ የሳሉት ብቻ ነው ያለው። እናታችን ደገሀቡር ታማ ተኝታለች። 'መልኩ ጠፋብኝ' አለችኝ። ላሳያት ነበር።"

"ታዲያ አትጠይቅም ነበር?" አለች እናትአለም።

"ዘበኛ የተኩስ መጽሐፍ አሳዩኝ ቢል ማን ያምነዋል? ሪድዋን ሲታሰር ግን መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ።"

ሄዶ መጽሐፉን በሽርጡ ጠቅልሎ አመጣው። ገጹን ገልጦ የሽማግሌውን ጣት ሥዕሉ ላይ አኖረው።

"ጉሃድ" አሉ። "ትንፋሹን ይዞ ሳይነቃነቅ ጠበቀኝ። እናትዬ፣ ምላጭ አምጪ።"

"ኧረ ገጽ ከጎደለው ማንም አይገዛውም!" ቀናው ጮኸ።

"ይጉደል።"

"ክሱስ?" አለች ፊርደውስ።

"የምን ክስ? ያስተማርኩት ከአርባ ዓመት በኋላም እጁ ላይ አለ። እኔ ተመስገን ነው የምለው።"

እናትአለም ወደ ሪድዋን ዞረች። "አፉ በለኝ፣ ወንድሜ።"

"አፉ ብያለሁ። የተተኮሰብኝ በእንጨት ነው፤ አልቆሰልኩም።"

ማሃድ የተቆረጠለትን ሥዕል ደረቱ ላይ አድርጎ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ። "አላህ ይስጥልኝ" አለ። ከዚያ የደገሀቡር መኪና ሳያመልጠው ወጣ።

ሃምሳ አለቃ ጨርቃቸውን አነሱ። ጠመንጃውን ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ወለወሉት። መጽሐፉን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡ፤ መቀባበያውን ዘጉና ጠመንጃውን ከላይ አስተኙት። ክዳኑን መለሱ።