ዘጠኝ ጎል በአሥራ ሦስት ዓመት

«ወደ ግራ ከፍ አድርገው። ትንሽ… እዚያ ላይ ያዘው» አሉ የግብዣው አዘጋጅ እትዬ ወርቅውሃ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

ወንበር ላይ የቆመው አስተናጋጅ የባነሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ፍናን የምግብ ቤቱ በር ላይ እንደቆመች አነበበችው። ከዚያ እንደገና አነበበችው፤ ሁለተኛ ሲነበብ የሚለወጥ ይመስል።

«መቶ ጎል ያገባው ልጃችን አሥራት ተስፋሁን፣ እንኳን ደህና መጣህ!»

አሥራት የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀዝቃዛው ከተማ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ሆኖ ተጫውቶ፣ ባለፈው ወር ጫማውን ሰቅሎ ሎስ አንጀለስ ተመለሰ። ከፌርፋክስ፣ ከከተማዋ የሐበሻ ሰፈር፣ ልጆች በዚህ ጨዋታ እንጀራውን የበላ ከእሱ በፊት የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ግብዣ ተደገሰለት፤ ሰውም መጣ፤ ምግቡም ደረሰ። መቶ የምትለዋ ቃል ባትኖር ሁሉም ደግ ነበር።

አሥራት ያገባው ጎል ዘጠኝ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት ዘጠኝ። ይህን ፍናን አሳምራ ታውቃለች፤ መቶ ያደረገችውም እሷው ናት።

ነገሩ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የእትዬ ወርቅውሃ ልጅ ኤልያና ስለ አክስቷ ልጅ ስታወራ ነበር፤ ኮሌጅ ውስጥ ኳስ ይጫወታል፣ በአንድ ዓመት ሃያ ሁለት ጎል አገባ፣ ምን የመሰለ ልጅ።

«ሶ ያንቺ አጎት ስንት አለው?» አለቻት።

ፍናን ዘጠኝ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «መቶ ምናምን» ሆነ።

«ሲሪየስሊ?»

«ሲሪየስሊ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የፍናን ግን እያደር ከበደ። ኤልያና ለእናቷ ነገረች። እናቷ ለጸጉር ቤቱ ነገሩ፤ ጸጉር ቤቱ ለመንገዱ ሁሉ አዳረሰ። ስልክ በየሰዉ ኪስ ውስጥ አለ፤ ከፍቶ ያየ ግን አንድም አልተገኘ። የራስ ልጅ ገድል ይወራል እንጂ ጉግል አይደረግም።

ከሁሉ የከበዳት ደግሞ አያቷ ናቸው። ጋሽ ተስፋሁን እዚሁ ሎስ አንጀለስ ከአንድ የበረዶ ሆኪ ሜዳ አጠገብ ያለውን ፓርኪንግ ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቀዋል። አሥራት ልጅ ሆኖ የአባቱ ፈረቃ እስኪያልቅ ድረስ የሚቆየው ሜዳው ውስጥ ነበር፤ ሆኪን የለመደውም እዚያ ነው። አባቱ ግን ቅዳሜና እሑድ ሥራ ላይ ስለሆኑ አንድ ጨዋታ ቁጭ ብለው አላዩለትም። በየእሑዱ ብቻ ስልክ ይደውላሉ።

«ስንት አገባህ?»

«ዛሬ አላገባሁም አባባ።»

«አይዞህ። በሚቀጥለው።»

አሥራ ሦስት ዓመት አይዞህ። አሁን መቶ የሚለውን ሲሰሙ እንባ ነው የቀደማቸው። «አየሽ፣ ልጄ ትሑት ነው። ሲደብቀኝ ኖሯል» አሏት ለፍናን። ይኸው ዛሬ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከፊተኛው ጠረጴዛ ባነሩን እያዩ ተቀምጠዋል።

እትዬ ወርቅውሃ ወደ በሩ መጡና አንድ ወረቀት አስያዟት። «ይኸውልሽ የሕይወት ታሪኩ። ያንቺን ጽሑፍ ትንሽ አሳምሬዋለሁ። ቀስ ብለሽ፣ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ።»

ፍናን አየችው። ተከላካይ ያለችው «አጥቂ» ተብሏል። ጎሉን ሳትጽፍ ያለፈችበት ቦታ ላይ «ከመቶ በላይ» ተጨምሯል።

«እትዬ፣ እሱ እኮ አጥቂ አይደለም።»

«ታዲያ መቶ ጎል ከየት መጣ? ቆሞ ነው የገባለት?» ብለው ሳቁና ወደ ማዕድ ቤቱ ሄዱ።

ፍናን ወረቀቱን ጨብጣ በጓሮ በር ወጣች። አሥራት ከምግብ ቤቱ ጀርባ መኪናውን ፓርክ እያደረገ ነበር። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ሲስቅ ከፊት ጥርሶቹ የአንዱ ቦታ ባዶ ይታያል።

«ወረቀቱ ምንድን ነው?» አለ ከመኪናው እየወረደ።

«የሕይወት ታሪክህ።»

«የሕይወት ታሪክ ለሞተ ሰው አይደል እንዴ የሚነበበው?»

አልሳቀችም። ሲያያት እሱም መሳቁን ተወ። ሁሉንም ነገረችው፤ አውቶቡሱን፣ ኤልያናን፣ ባነሩን፣ የአያቷን እንባ። ስትጨርስ መሬት መሬት ታይ ነበር።

«መቶ?» አለ አሥራት። «እንግዲያስ የጎደለኝ ዘጠና አንድ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ አትቀልድ። ምን ላድርግ?»

«የሰጡሽን አንብቢ። ከጠየቁኝ አዎ እላለሁ።»

«ለኔ ብለህ ትዋሻለህ?»

«ፊት ያለው ሲሳሳት ከኋላ ሆኖ መሸፈን ነው ሥራዬ። ሌላ ምን ሠርቼ አውቃለሁ?» የመኪናውን በር ለመዝጋት እጁን ዘረጋ። ትንሿ ጣቱ ከመካከሏ ወደ ውጭ ተጣማለች። ፍናን ይህችን ጣት ከልጅነቷ ጀምሮ ታያታለች፤ ጠይቃ ግን አታውቅም።

«እሷ የምንድን ነች?»

«ይህቺ?» ጣቱን አዞር አድርጎ አያት። «የዳኒ ነች። የቡድናችን ልጅ ነበር፣ ገና አዲስ። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ እኛ አንድ ለባዶ እየመራን፣ ፓኩን ሳያይ ለጠላት አቀበለ።» ፓክ የሚሉት ያ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ፣ በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታው ነው። «ሰውዬው መታ። እኔ ፊቱ ተዘረጋሁበት። እጄን አገኘው።»

«ገባ?»

«አልገባም።»

«ተናደድክበት? ዳኒ ላይ?»

«ምን ያናድደኛል? ገብቶ ቢሆን በነጋታው የሱ ስም ነበር የሚነሳው። አልገባም። ስለዚህ ማንም አላነሳው።»

«ያንተንም አላነሱማ። ማንም አላወቀም ማለት ነው።»

«ዳኒ ያውቃል» አለ አሥራት።

ይህን ያለው እንደ ዋዛ ነው፤ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እየፈለገ። ፍናን ግን ጣቱን እያየች ቀረች። ጎል ሲገባ ሰው ይጮኻል፣ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ያልገባ ጎል የት ይጻፋል? በየእሑዱ «አላገባሁም» ሲል የነበረው ሰውዬ፣ በየቀኑ ስንቱን አላስገባም ብሎ እንደዋለ ማን ጠየቀው? እሷም ብትሆን ጠይቃው አታውቅም። በዘጠኝ አፍራ መቶ አለች እንጂ።

«ነይ እንግባ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አላት። «እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

ሲገቡ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ተስፋሁን ልጃቸውን አቅፈው ሳሙት፣ እንደገና ሳሙት፣ ወደ ባነሩም ጠቆሙት። አሥራት ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልታየበትም፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ከፍናን ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ ቆመ። እትዬ ወርቅውሃ በማንኪያ ብርጭቆ መቱ፤ ሰው ጸጥ አለ።

ማይክሮፎኑ እጇ ውስጥ ቀዝቃዛ ነበር። ፍናን እንዴት አባቱን እየጠበቀ ሆኪ እንደለመደ አነበበች። አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ የሰው አሮጌ ጫማ በሁለት ካልሲ ሞልቶ እንደተጫወተ አነበበች፤ ሰው ሳቀ። የተጫወተባቸውን ሜይንን፣ ሚኒሶታን፣ አላስካን አነበበች። በትልቁ ሊግ አርባ አንድ ጨዋታ ሲሰለፍ የለበሰው ማልያ ላይ፣ ጀርባው ላይ «ተስፋሁን» ተብሎ መጻፉን ስታነብ ጋሽ ተስፋሁን ኮታቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ መቶ ያለበት መስመር ደረሰ። ኤልያና ከእናቷ ጎን ስልኳን ደግና እየቀረጸቻት ነው። ፍናን ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አሥራት እንደተናገረው እዚያው ቆሟል፤ ምንም ብትል ሊሸፍናት። እጆቹን ፊት ለፊት አጣምሯል፤ ጠማማዋ ጣት ከላይ ነች።

በዚህ እጅ ላይ የእሷንም ስሕተት ልትጨምርበት ነው?

ወረቀቱን አጠፈችው።

«አጎቴ አጥቂ አልነበረም» አለች። «ተከላካይ ነበር። መቶ ጎል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼ ነው። ኤልያናን፣ እናንተንም ይቅርታ። እሱ ያገባው ዘጠኝ ነው።»

ከበስተኋላ አንድ ሹካ ሳህን ላይ ወደቀ። ኤልያና ስልኳን ዝቅ አደረገች። እትዬ ወርቅውሃ ወደ ባነሩ አዩ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው፤ ከዚያ ወደ ጣራው።

ጋሽ ተስፋሁን ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ስንት አልሽ ልጄ?»

«ዘጠኝ፣ አባባ።»

አያቷ ከእሷ አልፈው ልጃቸውን አዩት። «አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ስትሠራ ነበር?» አሉት፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው።

አሥራት አፉን ሊከፍት ሲል ፍናን እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«እሱን ልነግርህ ነው አባባ» አለች። «ቁጭ በል። ረጅም ነው።»

ጋሽ ተስፋሁን ተቀመጡ። ፍናን ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋችና ከጣቱ ጀመረች።