የገርማሞ የመጨረሻ ፉከራ

በአርዳሜን መንግሥት አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በፉከራ በዓል ቀን በንጉሡ ፊት ቆሞ ይፎክራል። ምን ገድሎ እንደሚፎክር የሚጠይቀው የለም፤ ዶሮ ያባረረም አንበሳ ጣልኩ ብሎ ይወርዳል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። በዚያ ዓመት ግን የጽጌማር ታናሽ ወንድም ኬልቶ ተራው ደርሶ መድረክ ላይ ወጣና ዝም አለ። አንገቱን ደፍቶ እንደ ቆመ ታላቁ ነጋሪት ማንም ሳይነካው ለሁለት ተሰነጠቀ።

ምልክቱን ለመረዳት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም ነበር። ኬልቶ ከክረምት ጀምሮ ምግብ አስጠልቶት፣ እንቅልፍ ርቆት፣ የሚወደውን ዋሽንት ጥግ ጥሎ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ብቻውንም አልነበረም፤ በከተማዋ አርባ ልጆች እንደ እርሱ ደንዝዘዋል። አርዳሜን ግን ጠቢባን ሞልተዋታልና ግልጽ የሆነው ነገር ሁሉ ተሰወረባት።

ጢሙን ቅቤ የሚቀባው ሊቀ ጠበብት ኤልጎር ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ። ድባቴ የሚባል አውሬ በጨው ሜዳ ማዶ ዋሻ እንዳለ፣ በሰው ደረት ላይ እየተቀመጠ እንደሚያጎብጥ አባቶቻችን ጽፈዋል። እርሱ ግን የአዋቂ አውሬ ነው። ልጅ ምን ሐሳብ አለበት? ይህ ስንፍና ነው። ጥጋብ ነው።»

ሌሎቹ ስድስት ጠቢባን በአንድ አፍ «እውነት ነው» አሉ። የተሾሙትም ለዚሁ ነበር።

ንጉሥ ወልቃሞ ፈረደ፦ «በሰባተኛው ቀን በዓሉ ይደገማል። ያን ቀን የማይፎክር ልጅ ስሙ ተፍቆ ወደ ጭጋግ ሸለቆ ይሰደድ።» ከዚያ ሸለቆ የተመለሰ ልጅ የለም። ንጉሡ ይህን ተናግሮ ወደ ምሳው ሊሄድ ሲል አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መንገዱን ዘግታ ተንበረከከች።

«በእናቴ መቃብር እምላለሁ» አለች ጽጌማር። «አውሬውን ይዤ እዚህ አዳራሽ ካላመጣሁ ከወንድሜ ጋር እኔም ልሰደድ።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ንጉሡም ሳቁ እንዳይቋረጥ ይመስላል፣ የጦር አለቃውን ገርማሞን አጃቢ አድርጎ ሰጣት። ገርማሞ ማለት በየዓመቱ ረጅሙን ፉከራ የሚፎክር፣ ከጎፈሬው የተነሳ ጎንበስ ሳይል በር የማያልፍ ሰው ነው። ጽጌማር ገና ስታየው ደከማት።

ሦስት ቀን ተጓዙ፤ ሦስቱንም ቀን ፎከረ። በጨው ሜዳው ላይ ባለ ሁለት ራስ ጅቦች ከበቧቸው። ገርማሞ ጦሩን ሰብቆ ከአያቱ ጀምሮ ያለውን ገድል ሲዘረዝር ጅቦቹ ጥቂት አዳምጠው ሄዱ። እርሱ ፈርተው ነው አለ። ጽጌማር ግን ሰልችቷቸው እንደሆነ በዓይኗ አይታለች።

ድባቴ በዋሻው አፍ ተኝቶ አገኙት፤ ዝሆን የሚያህል፣ አመድማ፣ ዓይኖቹ የፈዘዙ። ገርማሞ ጦሩን ወረወረ። ጦሩ በጭስ ውስጥ እንዳለፈ ሁሉ አልፎ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። አውሬው አልተቆጣም።

«ገርማሞ» አለው፣ እንደ ዘመድ። «አደግህ እንዴ?»

ሦስት ቀን አፉን ያልዘጋው ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጽጌማር ምላሷ ላይ ያዘጋጀችው ስድብ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ዋጠችው። የኬልቶ ፊት ነበር።

«ያውቅዎታል?» አለችው።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለ ወደ መሬት እያየ። «ጠዋት መነሳት አቃተኝ። ልጅ ምን ሐሳብ አለበት ይሉኝ ነበር፤ አመንኳቸው። የታመምኩ ሳይሆን ክፉ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ሄድኩ። የመለሰኝን እረኛ ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። ከዚያ ፉከራ ተማርኩ።»

እያወራ አውሬው አነሰ፤ በመጨረሻ ድመት አከለ። ጽጌማር በቅርጫቷ ከተተችው፣ ነጠላዋንም አለበሰችው።

በሰባተኛው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አርባው ልጆች ተሰልፈዋል፣ ኬልቶ ከፊት። ኤልጎር ቅርጫቱን ገልጦ አየና ጢሙን ዳበሰ።

«አውሬ የተባለው ይህ ነው? ጌቶቼ፣ አላልኩም? ልጅ ምን ሐሳብ አለበት?»

ቅርጫቱ ፈነዳ። ድባቴ በየቃሉ ያድግ ጀመር፤ ጠቢባኑ «እውነት ነው» ሲሉ ጣሪያውን ነካ። ከዚያ እውነቱ ጠረጴዛ ሥር አስገባቸው። ኤልጎር ከዙፋኑ ጀርባ ሆኖ አውሬው እንደሌለ ማስረዳቱን ቀጠለ። ድባቴ ግን ማንንም ሳያይ ሄዶ ኬልቶን ጣለውና ደረቱ ላይ ተቀመጠ። የልጁ ትንፋሽ ያጥር ጀመር።

ጽጌማር ገርማሞን አየችው፤ ለመጠየቅ ግን አፏ አልታዘዘላትም። በፉከራ መድረክ ላይ መሸነፉን የተናገረ ጦሩ ይሰበራል፣ ሹመቱ ይገፈፋል፣ ስሙም ዳግመኛ አይጠራም። ሕጉን ሁለቱም ያውቃሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጋሻዬን ያዢልኝ» አላትና መድረኩ ላይ ወጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ፎከረ።

«ዘራፍ ገርማሞ፣ ዘራፍ!
በዘጠኝ ዓመቱ ቃል ያጣ አፍ፣
ሲሰድቡት ዝም ያለ፣ ሲመቱት ያላለቀሰ፣
ሞት ተመኝቶ ወንዝ ዳር የደረሰ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን የደበቀ፣
እየፎከረ በፍርሃት ያለቀ!»

በየስንኙ አውሬው ኮሰሰ። ማንም አላጨበጨበም። ኬልቶ በዚያ ጸጥታ መሐል አንገቱን ቀና አደረገ።

«እኔም» አለ።

ከኋላው አንዲት ልጅ «እኔም» አለች፤ ከዚያ ሌላው፣ እስከ አርባኛው። ድባቴ ከኬልቶ ደረት ወርዶ በሰው እግር መካከል እየተሹለከለከ በበሩ ወጣ።

ንጉሡ ከተደበቀበት ከዙፋኑ ሥር ወጥቶ ልብሱን አራገፈና የገርማሞን ጦር በጉልበቱ ሰበረ። ሕግ ሕግ ነውና። በልጆቹ ላይ የፈረደውን ፍርድ ግን ለማስታወስ ድፍረት አላገኘም። ኤልጎር በጻፈው ዜና መዋዕል አውሬውን በአንድ ጦር የገደለው ንጉሥ ወልቃሞ ነው። ማንበብ ለሚወድ ያው አለ።

ኬልቶ በዚያ ቀን አልሳቀም፣ አልጨፈረምም። ግማሽ ዳቦ በላ፤ እኅቱ ግማሹን ዳቦ እያየች አለቀሰች። አውሬውም አልሞተምና አንዳንድ ጠዋት ይመለሳል። ያን ጊዜ የአርዳሜን ልጆች ጠቢባኑን አይጠይቁም፤ ወደ ከተማው ዳር ወርደው የስም አልባውን ሰው በር ያንኳኳሉ። ስሙን መጥራት ዛሬም ክልክል ነው። ኬልቶ ግን ደጁ ላይ ቆሞ፣ ዘበኞቹ እየሰሙት፣ ጮክ ብሎ «ጋሼ ገርማሞ!» እያለ ይጣራል።