በየኔታ ስም የተጻፈው ልብ

የኔታ ገብረ ኢየሱስ የሞቱት ከአልጋቸው እስከ በራቸው ባለው አራት እርምጃ መሐል ነው። ሃምሳ አለቃ ፈንታ ከአርብ ገበያ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ሬሳቸው በኩታ ተሸፍኖ፣ ባለቤታቸው ውባለም ከራስጌያቸው ተቀምጣ አገኛት። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ቆሟል፤ አጠገቧ ግን አንድም ሰው የለም። ጠዋት ኮሶ ያጠጣቻቸው እሷ ናትና መርዛ ገድላቸዋለች ተብሏል። ነገ ከቀብር በኋላ ደብረ ታቦር ወህኒ እንድትላክ የጣቢያው አለቃ አዟል።

ፈንታ በ1954 ዓ.ም. ወደዚህ ከተመደበ ጀምሮ እራቱን ብቻውን የሚበላ ሰው ነው። ሰው የሸሸውን ፊት ያውቀዋል።

«ኮሶውን ማን ወቀጠው፣ እመት ውባለም?»

«እኔ። ከዚያው ሙቀጫ እኔም ጠጣሁ፤ ወንድማቸው ቢሻውም ጠጣ። ይኸው ቆሟል፣ ይጠየቅ።»

በሩን ተደግፎ የቆመው ገበሬ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ታመው ነበር?»

«ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ሲወድቁ እጄን ደረታቸው ላይ አደርጋለሁ። ልባቸው አንዴ መትቶ እስኪደግም ሦስት ጊዜ ማርያምን እጠራለሁ። ሐኪም ካላዩ ስማዳ ዘመዶቼ ዘንድ እሄዳለሁ ብዬ ማልኩባቸው። ለመስቀል ከጎንደር ሐኪም መጥቶ ገበያው ዳር ድንኳን ሲተክል ሄዱልኝ። ኪኒን ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ባሰባቸው።»

ፈንታ ኩታውን ገልጦ ሬሳውን ከራስ እስከ እግር አየ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ወረደ።

«ሐኪሙ የጻፈውን ነው የሰጠሁት!» አለ መድኃኒት የሚያድለው ድሬሰሩ ደሴ፣ ገና ሳይጠየቅ።

«እኔ መች ወቀስኩህ? የምርመራውን ወረቀት አምጣ።»

ደሴ በትንንሽ ካሬዎች የተሰመረ ረጅም ወረቀት ዘረጋ። «ልብ የሚመታው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው። ሐኪሙ ያመጣው ማሽን እጅና እግር ላይ፣ ደረትም ላይ በሚታሰር ሽቦ ያንን ተቀብሎ ይጽፋል። መስመሩ ሽቅብ ሲዘል አንድ ምት ነው።»

«ይሄኛው ልብ እንዴት ነው?»

«ይሮጣል። አካሄዱም እኩል አይደለም። ኪኒኑ እንዲህ ያለውን ያዘገያል።»

«ቀድሞ የዘገየውንስ?»

ደሴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሊያቆመው ይችላል።»

ከወረቀቱ ግርጌ ሐኪሙ ጽፏል፦ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የማረሻ ጠባሳ ስላለ ሽቦው ከፍ ብሎ ታሰረ።

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ፈንታ ውባለምን፣ ቢሻውንና ደሴን የየኔታ ቤት ሰበሰባቸው።

«ኮሶው አልገደላቸውም፤ የጠጣችሁ ሁለታችሁ በደህና አላችሁ። የገደላቸው ኪኒኑ ነው። ኪኒኑ የታዘዘው ለሚሮጥ ልብ ነው፤ የየኔታ ልብ ደግሞ ዘገምተኛ ነበር። እንግዲህ ማሽኑ የጻፈው የሳቸውን ልብ አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ የተኛው ሰው ቀኝ እግሩን ማረሻ ወግቶታል። የየኔታን እግር አይቻለሁ፤ ጠባሳ የለበትም። በሬ ጠምደውም አያውቁም። ቢሻው፣ እጅህን ስጠኝ።»

ቢሻው እጁን ሰጠ። የደም ሥሩ ከፈንታ ጣት ሥር ተጣድፎ መታ፣ ዘለለ፣ እንደገና ተጣደፈ።

«ሱሪህን ሰብስበው።»

«አያስፈልግም» አለ ቢሻው። «እኔ ነኝ። የኔታ ‹ደረቴን ለማላውቀው ሰው አልገልጥም፣ ሽቦም አይታሰርብኝ› አሉኝ። እሷም ጥላቸው እንዳትሄድ ፈሩ። ‹አንተ ግባና ተኛልኝ፣ ስሜን ንገራቸው፣ መድኃኒቱን አምጣልኝ› አሉ። ከአንድ እናት ወጥተን ልባችን ይለያያል ብዬ መች ጠረጠርኩ?»

ውባለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ፈንታ ወደ ደጅ ወጥቶ ሴትየዋ ንጹሕ መሆኗን ለጎረቤቱ ተናገረ። ሰው አቀርቅሮ ሰማው፤ ማንም ግን ለመግባት አልደፈረም። ከውስጥ የደሴ ድምፅ መጣ፦ «ኪኒኑ ያንተ ነው፣ ቢሻው። ካልዋጥክ አንተም ትከተላቸዋለህ።»

«ማን አለኝና ነው የምውጠው?»

የውባለም ድምፅ ተሰማ።

«ዋጥ። አርባቸውን ብቻዬን ላወጣ ነው?»