የሰጠመው በረዶ

ይህን ታሪክ ከዋሸሁ የድሬ ፀሐይ አናቴን ትብሳው! ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። የጅቡቲው ባቡር ገና ማፏጨቱን አልተወም። ሮብሌ የሚባል ነጋዴ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ቤት ገብቶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«አባዮ፣ ውሃ ይዤልሽ መጣሁ።»

«ድሬ ውሃ ጠፍቶ ነው?»

«የድሬው ቀላል ነው፣ እህቴ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። አስተናጋጇ ሰርካዲስ ጠርሙሱን ሸጎጠችው። አስተናጋጅነቷ ሽፋን ነው፤ ሰላይ ናት፤ የምስጢር ስሟ «ግራር»። ይህን በመንግሥት ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አለቃዋ ሀብተ ማርያም።

እሱ ደግሞ ጠዋት፣ «ሮብሌ ከድቷል። የሚሰጥሽ ተራ ውሃ ነው። ከሰዓት መጥቼ አስይዘዋለሁ» ብሏታል። የከሃዲ ፍርዱ ገመድ ነው።

ጠርሙሱን ሳያይ በምን አወቀ?

በሥልጠና የነገሯት ትዝ አላት። ሃይድሮጂን ከባድ ወንድም አለው። ስሙ ያው፣ ጠባዩ ያው፤ እምብርቱ ውስጥ ግን አንድ ኒውትሮን ተሸክሟል። እርጉዝ ሴትስ ያቺው ሴት አይደለች? ሚዛን ላይ ስትወጣ ነው የምታሳብቀው። ከከባዱ የተሠራ ውሃም እንደዚያው ነው። ዓይን አይለየው፣ ምላስ አይለየው። የአቶም እሳት የሚያነዱ አገሮች ግን ይገዳደሉበታል።

በረዶ ሲሆን ይጋለጣል።

ጥቂት ቀድታ ላምባ በሚነድበት ማቀዝቀዣ አስቀመጠች። ሮብሌን ጓዳ ካሉት ቃሚዎች መሃል ደባለቀችው። ከሰዓት በኋላ በድሬ ጉንጩን በጫት የወጠረን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ሀብተ ማርያም ላቡን እየጠረገ ገባ።

«የት አለ?»

«ይደርሳል፣ ጋሼ። በረዶ ላድርግልዎ?»

የቧንቧ ውሃ ቀዳች። ከጠርሙሱ ውሃ የሠራችውን በረዶ ጣል አደረገችበት። ዓይኗ ፊቱ ላይ ነው።

በረዶው ሰጠመ።

እንደ ጠጠር ታች ቁጭ አለ።

ታማኝ ቢሆን «እሰይ፣ እውነተኛው ነው!» ባለ። እሱ ግን እጁን ወደ ኮቱ ሰደደ።

ሽጉጥ።

ገባት። ጠርሙሱን ተራ ነው አስብሎ፣ ሮብሌን አሰቅሎ፣ ለሌላ ሊሸጠው ኖሯል።

«ጠርሙሱን፣ አንቺ ተንኮለኛ!»

ከነጨርቁ ሰጠችው። ነጥቆ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ተንጠለጠለ።

ጓዳ ስትገባ ሮብሌ ከፊቱ ያለውን ጠርሙስ እያየ ነው።

«አባዮ፣ ጫቱ አደረቀኝ። ከዚህ ልጠጣ?»

«ጠብታ ብትቀምስ አንቄ እገድልሃለሁ! ከባዱ እሱ ነው። በጨርቅህ ጠቅልዬ ለዚያ ሌባ የሰጠሁት የቧንቧችንን ነው። ይዘህ አዲስ አበባ ውጣ፤ የመንግሥት ላቦራቶሪ ደጅ አኑረህ ጥፋ።»

«አንቺስ?»

ሽርጧን አጥብቃ አሰረች። ከባዱን ገዝተው ተራ ውሃ የደረሳቸው ሰዎች ሀብተ ማርያምን አይምሩትም። «ግራር»ን የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ደግሞ እሱ ነበር። አሁን ሰላይ ነበርኩ ብትል ማን ያምናታል?

«አንቺ! በረዶ!» ብሎ ደንበኛ ጮኸ።

ወሰደችለት። ይሄኛው ተንሳፈፈ።

እሺ፣ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ፤ ስሟን። እውነተኛውን የሚያውቅ ስላጣሁ ሰርካዲስ ያልኳት እኔ ነኝ። በረዶው ግን ሰጥሟል።