የትናንት ቁጥሮች

ድምፅዋን መጀመሪያ የሰማው ማሽን ታሞበት ነው።

«ወንድሜ፣ ሦስተኛው ሰርቨርህ አተኩሶታል» አለችው በስልክ።

«እኔስ? እኔን አትጠይቂም?»

«የአንተማ ቁጥር አይደርሰኝም!» ብላ ሳቀች።

እሱ የአንድ ሆስፒታል ሰርቨሮች ተቆጣጣሪ ነበር። እያንዳንዱ ሰርቨር በሆዱ ብዙ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን ይሸከማል፤ ሙቀቱን፣ የሥራ ጫናውንና የቀረውን ማከማቻ በየደቂቃው ሌላ ከተማ ወዳለ የክትትል ድርጅት ይልካል። እዚያ ቁጥሮቹን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቁጥር ሲዛባ ትደውላለች። እያደር ሳይዛባም መደወል ጀመረች። በስምንተኛው ወር «ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ መጥተህ ተዋወቃት» አለችው።

ከመሄዱ በፊት እናቷ በጠና ታመሙ። እሷም ኮምፒውተሯን ይዛ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። ያ ሦስተኛው ሰርቨር ለጥቂት ሙቀት ሁሉ ማስጠንቀቂያ እየላከ ሲያባንናት የእሱ አንጀት አልቻለም። ሳይነግራት፣ በእውነተኛው ምትክ የትናንቱ ደህና ቁጥሮች እንዲላኩ አደረገ። «ሁለት ቀን ትረፍ፤ ማሽኑን እኔ እጠብቀዋለሁ» ብሎ።

በሁለተኛው ቀን፣ እሱ ስብሰባ ላይ ሳለ፣ የሰርቨሩ ማከማቻ ሞልቶ ቀጥ አለ። በውስጡ የነበረው የሕሙማን መዝገብ ለአራት ሰዓት ጠፋ። ሐኪሞች የማን መድኃኒት የቱ እንደሆነ እየተጠያየቁ በኮሪደሩ ተራወጡ።

እያለቀሰች ደወለች።

«አለቃዬ ‹ተኝተሽ ነው› አለኝ። ሊያሰናብቱኝ ነው። ቁጥሩ ደህና ነበር፣ እናቴ ት...» መሐላውን ዋጠችው።

«ደህና ነበር» አለ። «የላክሁት እኔ ነኝ። የትናንቱን።»

ከወዲያ የእናቷ ሳል ይሰማል።

«ለምን?»

«እንድታርፊ ብዬ።»

«መቼ አሳርፈኝ አልኩህ? እኔ እኮ እናቴን እያስታመምኩ በእነዚያ ቁጥሮች ነበር የምጽናናው። ‹እሱም ሥራው ላይ አለ› እል ነበር።»

በዚያው ሰዓት ጥፋቱን ለሁለቱም አለቆች ጻፈ። የእሷ ስንብት ተሰረዘ፤ እሱ ተባረረ። እውነተኞቹ ቁጥሮች መላካቸውን አረጋግጦ፣ ቁልፍ አስረክቦ ሲወጣ በሩ ላይ ስልኩ ጠራ።

«እናቴ ይቅር በይው አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«ይቅርታውንስ አድርጌያለሁ። ግን አንድ ቀን ታመህ ‹ደህና ነኝ› ትለኛለህ። እኔም የትናንቱን ይሆን እያልኩ ዕድሜ ልኬን ፊትህን ላጠና ነው። አልችልም፣ የኔ ጌታ።»

«እወድሻለሁ» ለማለት አፉን ከፈተ። ይህንንስ በምን ታረጋግጠዋለች ብሎ አሰበና መልሶ ዘጋው።