ሁለት ጊዜ የተተየበው ደብዳቤ

በ1976 ክረምት ጎንደር ውስጥ የቀበሌያችን ታይፒስት ነበርኩ። ለሠርግ፣ ለሐዘን፣ ለሆስፒታል፣ ለመንገድ፤ ሰው ከደጁ በወጣ ቁጥር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ የሚጽፈው ደግሞ የእኔ ጣት ነው። ቤቴ ስገባ እጄ ጉርሻ ለመጠቅለል እንኳ ይለግምብኝ ነበር።

ሐዲስ የመጣው እንዲህ በታከተኝ ሰሞን ነው። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ወላጆቹ የቀበሌያችን ነዋሪ ናቸው፤ እሱ አዲስ አበባ የምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ለክረምቱ የተግባር ልምምድ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮሶዬ በሚባል ቦታ የመንገድ ሥራ ላይ መድበውታል።

«ለምሥራቅ ጀርመን የትምህርት ዕድል ከክፍላችን እኔ ቀዳሚ፣ አንድ ጓደኛዬ ተጠባባቂ ሆነን ታጭተናል» አለኝ። «ዲኑም መምህሮቼም ድጋፍ ጽፈውልኛል። የቀረኝ የቀበሌው ብቻ ነው። እስከ ነሐሴ አሥራ አምስት አዲስ አበባ ካልደረሰ ዕድሉ ለተጠባባቂው ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ሲመጡ ነዋ።»

ሳቀ። እዚያ ቢሮ ሰው ሲስቅ ካየሁ ሰንብቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ በጭነት መኪና እየመጣ አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጥ ጀመር። አንዳንዴ የኮሶዬ ድንች ቅቅል በኪሱ ይዞልኝ ይመጣል። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ የታይፑን ፊደላት አያለሁ፤ ቀና ስል ደግሞ እሱ ጫማውን ያያል።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ደክሞኛል።»

«እኔም። እንግዲያ አብረን ይድከመና።»

ወደድኩት። ሊሄድ የተነሳን ሰው መውደድ ሞኝነት መሆኑን እያወቅሁ ወደድኩት።

ሊቀመንበሩ ነሐሴ ሰባት ተገኙ። ሐዲስ በሞላው ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «የድጓ መምህር» ይላል። አባቱ የኔታ ወልደኢየሱስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሊቀመንበሩ ግን ዓምና የአንድ ቄስ ልጅ ወረቀት «ይጠና» ብለው መሳቢያ ውስጥ አስቀርተውታል። ያን ወረቀት በየቀኑ አየው ነበር። እናም «አርሶ አደር» ብዬ ተየብኩ።

ሊቀመንበሩ አነበቡት። «የአርሶ አደር ልጅ ነው። መደገፍ እንዲህ ያለውን ነው» ብለው ፈረሙና ማኅተም አሳረፉበት።

በረንዳው ላይ ሰጠሁት። ሲያነብ ዓይኑ እዚያች መስመር ላይ ቆመ።

«ይህን ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ታዲያ ለማን ብዬ ልዋሽ?»

ወረቀቱን በደረት ኪሱ ከትቶ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ተመልሶ መጣ። በእነሱ ቤት ልጅ ሩቅ መንገድ ሲሄድ የያዘውን ወረቀት ለአባቱ ይሰጣል፤ አባት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል፤ ከዚያ ነው ምርቃቱ። የኔታም አንብበውታል።

«ምን አሉ?»

«‹እኔ በሬ ጠምጄ አላውቅም፤ አርሶ አደር የሆነውን አባትህን ፈልግና እሱ ይመርቅህ› አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እንደገና ጻፊልኝ፣ መንበረ።»

«እንደገና ከተጻፈ ቀኑ ያልፍብሃል። እኔንም ከዚህ ወንበር ያነሱኛል።»

«ስምሽን አላነሳም። ቅጹን ስሞላ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ተወው» አልኩት። «ውሸት እስካሁን ያለው ይበቃናል።»

እውነተኛውን ደብዳቤ ተየብኩና ራሴ ይዤ ገባሁ። ያደረግሁትንም ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ከታይፑ አነሱኝ። ከሰኞ ጀምሮ በቀበሌው ሱቅ ስኳር መዛኝ ሆንኩ፤ የሐዲስ ወረቀት ደግሞ «በኮሚቴ ይታይ» ተባለ። ኮሚቴው የተሰበሰበው ጳጉሜን ሁለት ነው። ያለ አንዳች ጥያቄ አጸደቀው። ማኅተሙም ያው የፊተኛው ማኅተም ነበር።

ጀርመን ተጠባባቂው ሄደ። ሐዲስ አዲስ አበባ ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰና ቆላ ወርዶ ሳንጃ ከተማ የመንገድ ሥራ ላይ ተመደበ። በ1979 ተጋባን። የኔታ ሁለታችንንም መረቁን፤ ስለዚያች ወረቀት አንድም ቀን አላነሱም።

በተጋባን በዓመቱ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ከሄደው ጓደኛው ፖስትካርድ መጣ። ወንዝ ላይ የተሠራ ትልቅ የብረት ድልድይ ይታይበታል። ሐዲስ ከሥራ እንደተመለሰ፣ ጭቃ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ቁጭ ብሎ ያየዋል። የሳንጃ ሙቀት ያፍናል። አለመናገር አቃተኝ።

«ሐዲስ፣ ያን ጠዋት ደብዳቤውን መልሰህ ስታመጣው አዘንኩልህ። ግን ላትሄድ ስለሆነ ደስም ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ደብቄህ ኖሬያለሁ።»

ፖስትካርዱን ጉልበቱ ላይ አኖረው። እኔ ቀና ብዬ ላየው ፈራሁ።

«እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ በመጨረሻ።

ከዚያ ፖስትካርዱን አነሳና እንደገና ያየው ጀመር።